አባቴ ዓይኑን የጠረጠረበት ክረምት

አባቴ ጡረታ ወጥቶም ሥራ አልተወም። ዕድሜውን ሙሉ የመስኖ ንድፍ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ቦዩ በየት ይቆፈር፣ ውሃው በየት በኩል ይውረድ፣ ፓምፑ የት ይተከል የሚለውን ማሳው ላይ ለክቶ ወረቀት ላይ ያስቀምጣል። መሥሪያ ቤቱ ካሰናበተው በኋላም የመቂና የዝዋይ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም አምራቾች አልለቀቁትም። አዳማ ድረስ እየመጡ በሚኒባስ ይወስዱታል፣ ማሳቸውን ያስለኩታል፣ እሱም ቤት ተመልሶ ንድፉን በኮምፒውተር ይሠራላቸዋል። "ኢንጂነር" ነው የሚሉት። ዲግሪ የለኝም ብሎ ስንቴ ነግሯቸዋል፤ የሚሰማው የለም።

ኮምፒውተሩ ከመሥሪያ ቤቱ አብሮት የወጣ ወፍራም ላፕቶፕ ነው። ሲከፈት እንደ ጀነሬተር ይጮሃል። ከሳሎኑ መስኮት ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ከአባቴ በቀር ማንም አይነካውም።

ጡረታ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ግላኮማ እንዳለበት ተነግሮት ነበር። ይህ በሽታ እይታን ከዳር ዳር እየበላ ወደ መሐል የሚመጣ ነው። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታ እየጨመሩ የቀረውን ማቆየት ብቻ ነው የሚቻለው። አባቴም በቀረው እይታ ልክ ኮምፒውተሩን አስተካክሎት ነበር። የስክሪኑ መደብ ጥቁር ነው። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው። ዋናው ቦይ ቢጫ፣ ቅርንጫፎቹ ውሃ ሰማያዊ፣ የማሳው ወሰን ነጭ። መስኮቶቹ ጥላ የላቸውም፣ አያብረቀርቁም፤ ሲከፈቱ ቦታቸው ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ሲዘጉ ድርግም ብለው ይጠፋሉ። በዚያ ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር እሱ ራሱ በማውስ የሚያንቀሳቅሰው ቀስት ብቻ ነበር። እናቴ በአጠገቡ ስታልፍ "ዛሬም ጥቁር ሰሌዳህ ላይ ተጥደሃል?" ትለዋለች።

እኔ የምሠራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ፣ ኮምፒውተር ክፍል ነው። ማተሚያ ሲቆም፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ የምጠራው እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጥሩ ጥሩ ማሽን ሳይ ውዬ ማታ ቤት ስገባ የአባቴ ላፕቶፕ ያሳፍረኛል። ዊንዶውሱ ሠሪዎቹ ራሳቸው የተዉት፣ ዕድሜው ያለፈ ነው። ንድፍ ለማተም ፍላሽ ይዞ በሄደ ቁጥር ከማተሚያ ቤቱ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። አንዴ እንዲያውም ፋይሎቹ ሁሉ ተደብቀውበት እኔ ፈልጌ እስካወጣለት ድረስ ምግብ አልበላም። ስለዚህ ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ እሑድ "አባዬ፣ አዲስ ዊንዶውስ ልጫንልህ" አልኩት።

"ይሄ ምን ሆነ?" አለኝ።

"አርጅቷል።"

"እኔም አርጅቻለሁ" አለና ሳቀ። ግን እምቢ አላለም። ልጁ በዚህ ሥራ እንጀራዋን የምትበላ ናት፤ ምን ብሎ እምቢ ይላል?

ፋይሎቹን ሁሉ ለብቻ አስቀመጥኩና ሥራውን ጀመርኩ። አዲሱ ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት ኮምፒውተሩ ይችለው እንደሆነ ይመረምራል። ሌላው ሁሉ አለፈ። የቪዲዮ ካርዱ ላይ ሲደርስ ግን ቢጫ ምልክት አወጣ። በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ስክሪኑ ላይ የምናየውን የሚስለው ካርድ ለብቻው የቆመ አይደለም፤ ከዋናው ሰሌዳ ጋር አብሮ የተሠራ፣ የራሱ ሜሞሪ የሌለው፣ ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ እየተሻማ የሚሠራ ደካማ ነገር ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ደግሞ መስኮቶቹን እንደ መስታወት የሚያሳልፍ፣ ከሥራቸው ጥላ የሚያጠላ፣ ሲከፍትና ሲዘጋ የሚያንሸራትት ነው። ያን ሁሉ የሚስልለት ጠንካራ ካርድ ይፈልጋል። ማስጠንቀቂያው፣ ዊንዶውሱ ሊሠራ ይችላል፣ ነገር ግን ለካርዱ የሚስማማ ፕሮግራም ስለሌለ በመጠባበቂያ ፕሮግራም ይሠራል የሚል ነበር።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ፋብሪካው ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ቢያመጡልኝ አልጭንም ብዬ እመልሰዋለሁ። የአባቴ ሲሆን ግን "ቀጥል" የሚለውን ተጫንኩ። ለምን ብባል የምሰጠው በቂ መልስ የለኝም። ጀምሬዋለሁ፣ እሑድ ነው፣ መጨረስ እፈልጋለሁ። ደግሞም እሱ ጨዋታ አይጫወትበት፣ ፊልም አያይበት፤ መስመር ብቻ ነው የሚያሰምርበት አልኩ።

ሲያልቅ አበባ ያለበት ውብ ስዕል ስክሪኑ ላይ መጣ። አባቴን ጠርቼ አስቀመጥኩት። ጥቁር መደቡ ጠፍቷል፤ የንድፍ ፕሮግራሙም አዲስ ነው፣ ነጣ ያለ ግራጫ። ፊደሎቹ እንዳያስቸግሩት የስክሪን ማጉያውን አበራሁለት። ይህ ማጉያ ቀስቱ ያለበትን ቦታ እንደ አጉሊ መነጽር አተልቆ የሚያሳይ ነው፤ ቀስቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ፈጠን ፈጠን ብዬ አሳየሁት። ባዶ ስክሪን ላይ ስለሆነ ምንም ችግር አልታየኝም።

"አምሮበታል" አለ አባቴ። መረቀኝ። ትልልቅ እጆቹን ራሴ ላይ ጭኖ ነው የመረቀኝ።

ክረምቱ ገባ። በዚያ ሰሞን አባቴ ጠረጴዛው ፊት የሚቀመጥበት ጊዜ እያጠረ መጣ። ድሮ ከቁርስ እስከ ምሳ ቀና ሳይል የሚሠራ ሰው አሁን ትንሽ ይቆይና ተነሥቶ ዓይኑን ይታጠባል። ጠብታውን ከሰዓቱ ቀድሞ ይጨምራል። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፣ መልሶ ያደርጋል፣ እንደገና ያወልቃል።

"ምን ሆንክ አባዬ?" አልኩት አንድ ቀን።

"መስመሩ ይሸሸኛል" አለኝ። "ልይዘው ስል ይሸሻል። ያዝኩት ስል ደግሞ ሁለት ይሆንብኛል።"

ደነገጥኩ። ግን የደነገጥኩት ለዓይኑ ነው። ስልኬን አውጥቼ ስለ ግላኮማ አነበብኩ። ከዕድሜ ጋር ሊፋጠን ይችላል የሚል አገኘሁና አመንኩት። "ራስህን አታድክም፣ ትንሽ እረፍ" አልኩት። ሳልዘገይም ለሐኪም ቀጠሮ አስያዝኩለት።

ሐኪሟ በደንብ አየችው። የእይታውን ስፋት በማሽን ለካች፤ የበፊቱን ውጤት አወጣችና አስተያየች። "ከባለፈው ብዙም አልተለወጠም፤ ደህና ነው ያለው" አለች። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። "የእኔ ልጅ፣ ማሽንሽ የሚያየውን አላውቅም፤ እኔ ግን መስመር መያዝ አቅቶኛል" አላት። እሷም የዓይን ድርቀት ሊሆን ይችላል ብላ ሌላ ጠብታ ጨመረችለት። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። ደህና ነው ያለው ስትል ሰምቻለሁ። ዓይኑ ደህና ከሆነ ታዲያ የሚሸሸው ምንድነው ብሎ መጠየቅ የማን ሥራ ነበር? እኔ ግን ሐኪሟን አላመንኳትም። በሽታው ገና በመሣሪያ የማይታይ ደረጃ ላይ ይሆናል ብዬ ለራሴ ምክንያት ፈጠርኩለት። ለእናቴም እንደዚያው አስረዳኋት፤ በእርግጠኝነት፣ እንደ አዋቂ።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴን የምይዝበት አያያዝ ተለወጠ። ባጃጅ ብቻውን እንዳይሳፈር ከለከልኩት። ለጁምዓ ሶላት ሲሄድ ከጎረቤታችን ጋር እንዲሄድ አስማማሁ። መንገድ ስንሻገር ክንዱን መያዝ ጀመርኩ። መጀመሪያ እጁን ይነጥቀኝ ነበር። ቆይቶ ተወው። ይባስ ብሎ ዳር ስንደርስ ራሱ ክንዱን አውጥቶ እስክይዘው ይጠብቀኝ ጀመር። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰማኝ ብዬ።

ነሐሴ ውስጥ ከመቂ አንድ ገበሬ መጣ። የአባቴ የቆየ ደንበኛ ነው፤ ከሐይቁ ወዲህ ማሳ አለው፣ ሽንኩርት ያመርታል። በዚያ ዓመት ከጎኑ ያለውን መሬት ተከራይቶ ስለነበር ዝናቡ እንዳቆመ አዲስ ቦይ መቆፈር ፈልጓል። አባቴ ከክረምቱ በፊት ሄዶ ለክቶለታል፤ የቀረው ንድፉ ነው። ሰውየው ሽንኩርት በማዳበሪያ ይዞ በር ላይ ቆሞ "አከም ጅርቱ ኢንጂነር!" ሲል አባቴ ከመኝታ ቤት አልወጣም።

እናቴ ገብታ ጠራችው። ወጣ። ተቃቀፉ፤ በኦሮምኛ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ።

"ንድፉን አልጨረስኩትም" አለው አባቴ በአማርኛ፤ እኔም እንድሰማው የፈለገ ይመስል።

"ችግር የለም ኢንጂነር፣ እንጠብቃለን። ቁፋሮው ገና ነው።"

"አትጠብቁኝ። ዓይኔ እምቢ ብሏል። መስመር ማሰመር አልቻልኩም። ሌላ ሰው ፈልጉ።"

ሰውየው ወደ እኔ አየ። ምን እንዲል እንደምፈልግ የሚጠይቅ አስተያየት ነበር። እኔም "እውነቱን ነው፤ ሐኪም ቤት ወስደነዋል፤ ማረፍ አለበት" አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ በዚሁ አፌ።

ገበሬው ሻዩን ጠጥቶ ሲነሣ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። "እርስዎ የሠሩት ቦይ እስከ ዛሬ ውሃ አስቀርቶብኝ አያውቅም። ፈጣሪ ዓይንዎን ይመልስልዎ" አለው። አባቴ በሩ ድረስ አልሸኘውም። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን ዘጋው፤ እናቴ የእጅ ሥራ ጨርቅ አለበሰችው።

ሳምንታት አለፉ። አባቴ ጓሮ ካለው የዘይቱን ዛፍ ሥር ወንበር አውጥቶ ሬድዮ እያዳመጠ ይውላል። የሚገርመው፣ እዚያ ተቀምጦ ከአጥር ማዶ የሚያልፈውን ሰው በስም ይጠራ ነበር። ዘይቱኑ ላይ የትኛው እንደበሰለ ለእናቴ ይጠቁማታል። ይህን ሁሉ አያለሁ፤ ግን አላስተዋልኩም። አንድ ጊዜ ዓይኑ ደክሟል ብዬ ስለደመደምኩ ሌላው ሁሉ በዚያ ሥር ገባ።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የእናቴ እድር ለሴቶቹ የሚበተን ማስታወቂያ ጻፊልን አለኝ። የራሴን ላፕቶፕ ፋብሪካው ውስጥ ትቼዋለሁ። ጨርቁን ገፍፌ የአባቴን ከፈትኩ። ማጉያው እንደበራ ነው፤ አባቴ ያልጨረሰው የመቂው ንድፍም እንደተከፈተ ነው፤ ዘግቶት እንኳ አልወጣም። ንድፉን ወደ ጎን ላደርገው ማውሱን ገፋ አደረግኩ።

ቀስቱ አልሄደም። እጄ ከሄደ በኋላ፣ ዘግይቶ፣ ዘለል ብሎ ሄደ። ማጉያው ያተለቀው ምስል ደግሞ ከቀስቱም ዘግይቶ ተከተለ። የቦዩ መስመር እየተጎተተ ሁለት ሆነ፣ ደበዘዘ፣ ከዚያ አንድ ሆኖ ሌላ ቦታ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ያደረግኩትን አልረሳውም። ዓይኔን አሸሁ። ደክሞኛል ብዬ የራሴን ዓይን በሁለት መዳፌ አሸሁ። ከዚያ እንደገና ማውሱን ገፋሁት። እንደገና ዘገየ። እጄን ከማውሱ ላይ አንሥቼ ተቀመጥኩ።

ለካርዱ የሚስማማ ፕሮግራም ስለሌለ ያን ሁሉ መስታወትና ጥላ፣ በላዩም ማጉያውን፣ የሚስለው ሌላ ሥራ ያለበት ዋናው ፕሮሰሰር ነው። ባዶ ስክሪን ላይ አይታወቅም። በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮች ያሉት ንድፍ ሲከፈት ግን አቅሙ ያልቃል። የስክሪኑም ምስል ከትክክለኛው መጠን ውጪ ተወጥሮ የተዘረጋ ስለሆነ ጠርዙ ሁሉ ደብዛዛ ነው። አባቴ የነገረኝን ቃል በቃል አየሁት። መስመሩ ይሸሻል። ሲያዝ ሁለት ይሆናል። አባቴ በትክክል ነበር ያየው። እኔ ቢጫውን ምልክት አልፌ ያመጣሁበትን ነገር እሱ በራሱ ዓይን አሳብቦ ተቀበለው።

ጓሮ ወጣሁ። ሬድዮ እያዳመጠ ነበር።

"አባዬ፣ ዓይንህ አይደለም" አልኩት።

"ምን አልሽ?"

"መስመሩ የሚሸሸው በዓይንህ ምክንያት አይደለም። ኮምፒውተሩ ነው። የጫንኩልህን ዊንዶውስ ካርዱ አልቻለውም። ስጭነው አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ዝም ብዬ አለፍኩት። አሁን ራሴ አየሁት።"

ሬድዮውን ዘጋ።

"መስመሩ እውነት ይንቀሳቀስ ነበር?" አለኝ።

"ይንቀሳቀስ ነበር።"

"ሁለትም ይሆን ነበር?"

"ይሆን ነበር።"

"እኔ እኮ ልታወር ነው ብዬ" አለና አቋረጠ። እናቴ ከወጥ ቤት ድምፃችንን ሰምታ በሩ ላይ ቆማለች። "የቤቱን ደረጃ ዓይኔን ጨፍኜ መውረድ ስለማመድ ነበር። ቀድሜ ልልመደው ብዬ።"

ይህን አላወቅኩም ነበር። እናቴም አታውቅም። ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሱ ግን አላጽናናኝም፣ አልተቆጣኝምም። "ያን የመቂ ሰው ምን እለዋለሁ?" አለ ብቻ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

እናቴ ናት የተናገረችኝ፤ አባቴ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ። "እሱስ ዓይኑን ፈርቶ ነው። አንቺ ምን ሆነሽ ነው ቶሎ ያመንሽው? ሐኪሟ ደህና ነው ስትል አንቺ ነሽ አይደለም ያልሽው።" ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። እስከ ዛሬ ከሰማሁት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ማጉያውን አጠፋሁ። መስታወቱን፣ ጥላውን፣ መንሸራተቱን አጠፋሁ። ትንሽ ቀለለው፤ ብዥታው ግን አልለቀቀም። ለካርዱ የሚሆን ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ፤ ካርዱን የሠሩት ሰዎች ለእንዲህ ያለው አሮጌ ዕቃ መሥራት አቁመዋል። ከተማ ወርጄ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ሱቆችን አዳረስኩ። አንዱ ላፕቶፑን ገልብጦ አየና "እህቴ፣ ይሄን ለሙዚየም ስጪው" ብሎ ሳቀ። አዲስ ልግዛለት ብዬ አባቴን ጠየቅኩት። "ሌላ አዲስ ነገር አታምጪብኝ" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ልመና ነበረበት።

የቀረው የድሮውን ዊንዶውስ መመለስ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ዘንድ ዲስኩ ተገኘ። ኢንተርኔት እንዳይነካው አድርጌ ጫንኩት። ቀስቱ ወዲያው ታዘዘ። ነገር ግን ያኔ እሑድ ዕለት ፋይሎቹን ሳስቀምጥ የስክሪኑን ቀለምና መጠን ማስቀመጥ አላሰብኩም ነበር። አባቴ ለብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ እያለ በዓይኑ ልክ ያበጀው ነገር ነው። ፋይል አይደለም፤ ስለዚህ አላየሁትም።

አብረን ተቀመጥን። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እኔ አጠገቡ። ጥቁሩን መደብ መለስኩ። ዋናውን ቦይ ቢጫ አደረግኩት።

"ይሄ አይደለም የእኔ ቢጫ" አለ።

ቀየርኩት።

"እሱም አይደለም። ወደ ሎሚው ነበር የሚሄደው።"

ብዙ ቢጫ አሳየሁት። በስተመጨረሻ አንዱን ጠቁሞ "በዚህ ይሁን" አለኝ። እሱ ነው ብሎ አላለም። ፊደሎቹንም፣ የመስመሮቹንም ውፍረት እንደዚያው በግምት ሠራን። ከዚያ ማውሱን ያዘና አንድ መስመር ሳበ። ቀጥ ያለች መስመር። ጫፏ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ትንፋሹን ለቀቀ። ፊቱን ማየት ስላልቻልኩ ሻይ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ።

ለመቂው ገበሬ ራሱ ደወለለት። ሰውየው ቦዩን በግምት ቆፍሮ ሽንኩርቱን ተክሏል። ታችኛው ማሳ ውሃ አልደርስ ብሎት እየጠወለገ ነበር። ለአባቴ ግን ይህን አልነገረውም፤ "ደህና ነው፣ ደህና ነው" እያለ ዘጋው። አባቴ ግን የገበሬ "ደህና ነው" ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በማግስቱ እሑድ ስለነበር አብሬው ሄድኩ። በሞጆ በኩል ዞረን፣ ቆቃን አልፈን መቂ ደረስን።

ማሳው ዳር ስንደርስ አባቴ መስመሩ ወዴት እንደተሳሳተ ቆሞ ብቻ አየው። ውሃው ከመታጠፊያው ወዲህ ተኝቷል፤ ከታች ሽንኩርቱ ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፍቷል። ገበሬው ላናግረው ስል ቀደመኝ። "እህቴ፣ ይሄ ከእግዜር ነው" አለኝ። ከእግዜር አለመሆኑን ነገርኩት። ኮምፒውተሩን፣ ማስጠንቀቂያውን፣ ሁሉንም። ሰውየው በጥሞና አዳመጠኝና ግራ ገብቶት ወደ አባቴ ዞረ፤ አባቴም በኦሮምኛ ባጭሩ ተረጎመለት። ገበሬው ሳቀ። "እንዲያውም ዓይኑ ደህና ነዋ!" አለና አባቴን አቀፈው። ከጠወለገው ሽንኩርት ይልቅ የአባቴ ዓይን ነበር ያስጨነቀው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ንድፉን ጨረሰ። ቦዩ ዳግመኛ ተቆፈረ፤ የታችኛው ማሳ ምርት ግን ለዚያ ዓመት አልተረፈም። ከዚያም ለሌሎች ሠራ፤ ድሮ የሚሠራውን ያህል ባይሆንም። ሌላ ንድፍ ሠሪ ያገኙ ደንበኞቹ አልተመለሱም፤ እሱም ተመለሱ ብሎ አልጠየቃቸውም። መንገድ ሲሻገር ግን ክንዱን ማውጣቱን አልተወም። "ዓይንህ እኮ ደህና ነው" ስለው "ልማድ ነው" ይለኛል። ያስለመድኩት እኔ ነኝ።

በሽታው ግን በሽታ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት እውነተኛው መጥበብ መጣ። ሐኪሟም በዚህ ጊዜ ተለውጧል አለች። አሁን አባቴ የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነው፤ በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው። ንድፍ አይሠራም። ከዚያ ክረምት ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ የተቀመጠባቸውን፣ ሬድዮ ሲያዳምጥ የዋለባቸውን ቀናት ዓይኑ እየቻለ ነው ያሳለፋቸው። እያየ መሥራት የሚችልበት ጊዜ ጥቂት በነበረው ሰው፣ ከዚያችው ላይ ነው የወሰድኩበት። ይህን አንድ ቀን እንዲሁ ነገርኩት። "አንቺ እኮ እንዲያምርልኝ ብለሽ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ለእሱ እንዲያምር ነበር ወይስ እኔን እንዳያሳፍረኝ፣ ይህን ለይቼ መናገር አልችልም።

አሁን ቤት ውስጥ አባቴ "አልታየኝም" ባለ ቁጥር መጀመሪያ የምነሣው ዕቃውን ለማየት ነው። አምፖሉን እቀይራለሁ፣ ስልኩን እወለውላለሁ፣ መነጽሩን አጥባለሁ። ባለፈው ቴሌቪዥኑ ላይ ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ አይነበበኝም አለ። ተነሥቼ የስክሪኑን ብርሃን ነካካሁ፣ ቅርብ ሄጄ አየሁ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይታያል።

"ተይው፣ ዛሬስ የእኔው ነው" አለኝ አባቴ። "ነይ ተቀመጪ።"

አጠገቡ ተቀመጥኩና የሚያልፈውን ሁሉ እያነበብኩ ነገርኩት።